ያልተቆጠረው ሕመም፤ ካንሰር በከተማና በዋግ ኽምራ ደጋ

ካንሰር የከተማ ሰው በሽታ ነው ሲባል በገጠር መስማት የተለመደ ነው። ተቀምጦ የሚውለውን፣ የመኪና ጢስ የሚተነፍሰውንና የፋብሪካ ምግብ የሚያዘወትረውን የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያጠቃ እንጂ፣ ገብስና ጤፍ በልቶ ዳገት ሲወጣና ቁልቁለት ሲወርድ የሚውለውን የሰቆጣን፣ የደሃናን ወይም የጋዝጊብላን ገበሬ የሚደፍር በሽታ እንዳልሆነ ይታሰባል። ይህን አባባል የሚደግፍ የሚመስል አኃዝም አይታጣም። ይሁን እንጂ አኃዙ ከየት እንደመጣና ማን እንደቆጠረው ሲመረመር፣ ነገሩ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

በኢትዮጵያ የካንሰር ሕሙማንን ከነዋሪው ሕዝብ ቁጥር ጋር እያገናዘበ የሚመዘግብ ክፍል በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። መቀመጫው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ በከተማዋ ከሚገኙ የመንግሥትና የግል ሕክምና ድርጅቶች መረጃ ይሰበስባል። በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ4 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን የተመዘገቡ ሲሆን፣ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ። ከታመሙት ሴቶች ውስጥ ከ100ው 31 ያህሉ የጡት ካንሰር፣ 14 ያህሉ ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር የያዛቸው መሆኑ ታውቋል።

ስለ መላው አገር የሚነገረው አኃዝ በአብዛኛው የተነሣው ከዚህ የከተማ መዝገብ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ 64 ሺህ ያህል ሰዎች በካንሰር እንደታመሙ የገመቱት ተመራማሪዎች የአዲስ አበባን ቁጥር መሠረት አድርገው፣ ከክልል ሆስፒታሎች በተገኘ መረጃ ደግፈው ነበር ያሰሉት። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምት ደግሞ ከ77 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማንና ወደ 52 ሺህ የሚጠጋ ሞት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ የነበራት ሕዝብ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሲሆን፣ ይህም ከአገሪቱ ሕዝብ ከ100ው 4 እንኳ አይሞላም። የቀረው ሕዝብ፣ ይልቁንም የገጠሩ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው በከተማው ሚዛን ተመዝኖ ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ዋግ አምጥቶ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። የ2020ው ግምት ከ115 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ጋር ሲተያይ ከ100 ሺህ ሰው በዓመት 67 ያህል አዲስ ሕሙማን ይሆናል። በ1999ኙ ቆጠራ ዋግ ኽምራ 426 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበረው፤ ከ100ው 93ቱ ገጠር የሚኖሩ ናቸው። በዚያው ሚዛን ቢሰላ በዞኑ በየዓመቱ ወደ 285 ሰው፣ 5 ሺህ ነዋሪ ባለው አንድ ቀበሌ ደግሞ 3 ሰው ያህል ይታመማል ማለት ነው። የገጠሩ ቁጥር ከአገር አቀፉ ዝቅ ሊል ይችላል። በግማሽ ዝቅ ቢል እንኳ በቀበሌው በሁለት ዓመት 3 ሰው ይሆናል። በቀበሌያችን ካንሰር የለም የሚል መሪ ካለ፣ እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ ብሎ ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በገጠርና በከተማ መካከል ያለው ልዩነት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በየክፍለ ግዛቱ የካንሰር መዝገብ ስላለ ነገሩን አበጥሮ ማየት ይቻላል። የዚያ አገር የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በገጠር አውራጃዎች አዲስ የሚታመመው ሰው ከትልልቅ ከተሞች አውራጃዎች በጥቂቱ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ የሚሞተው ግን የበለጠ መሆኑን አመልክቷል። ከ100 ሺህ ሰው በዓመት በገጠር 180፣ በከተማ 158 ሰው በካንሰር ይሞት ነበር። ለዚህም የትምባሆ መብዛት፣ የምርመራ ማነስና የሆስፒታል ርቀት በምክንያትነት ይጠቀሳሉ። አስፋልትና አምቡላንስ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከባሕር ዳርም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ሰቆጣ አካባቢ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

በአገራችንም ለዚህ ምስክር የሚሆን ጥናት አለ። በምዕራብ ወለጋ በአይራ ሆስፒታል የታከሙ የገጠር ሴቶች በተከታተለ አንድ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው ውስጥ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከግማሽ ጥቂት ብቻ የሚበልጡ ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ ሆስፒታል የደረሱት እብጠቱ ከሰፋ በኋላ ነበር።

ገጠሩ የማይቆጠርበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ ስሙ ራሱ ነው። ነቀርሳ የሚለው ቃል ለካንሰር ያገለግላል፤ የሳምባ ነቀርሳ ሲባል ግን ሌላ በሽታ፣ ተላላፊ የሆነውና በመድኃኒት የሚድነው ቲቢ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ካንሰር የያዘውን ሰው ይተላለፍብኛል ብሎ ይሸሻል፤ ካንሰር ግን ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽም በማዕድም አይተላለፍም። ሌላው ኀፍረት ነው። በጡቷ ላይ እብጠት ያየች ወይም ከወር አበባዋ ውጭ ደም የፈሰሳት ሴት ለባሏ ሳትነግር ወራት ይቆጠራሉ። መጀመሪያ የባህል መድኃኒት፣ ቀጥሎም ጠበል ይሞከራል። ጠበሉን ማንም አይከለክልም፤ ችግሩ ሕክምናው የመጨረሻው ተራ ላይ መዋሉ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሰቆጣ ወዳለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ የሚያደርሰው መንገድ ለአንድ ቤተሰብ በሬ የሚያሸጥ ነው። የጨረር ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወደ ጅማና ወደ ሌሎች የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች መስፋፋት የጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለውን ሕዝብ ላሰበ ሰው፣ የታማሚ መዝገብ ይቅርና ታማሚው ራሱ የት እንደደረሰ ማወቅ አስቸጋሪ እንደነበር ግልጽ ነው።

ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የካንሰሩ ዓይነትም እንደ አኗኗሩ ይለያያል። በወጣትነት መውለድ፣ ብዙ መውለድና ለረጅም ጊዜ ማጥባት ሴትን ከጡት ካንሰር በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃሉ፤ የከተማዋ ሴት ዘግይታ ጥቂት ስለምትወልድ የጡት ካንሰር በከተማ መብዛቱ ለዚህ ነው። ነገር ግን ያው የገጠር ኑሮ፣ በልጅነት መዳርና ብዙ መውለድ፣ ለማኅፀን በር ካንሰር ያጋልጣል። ይህን ካንሰር የሚያመጣው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። በልጅነቷ የተዳረች ሴት ቫይረሱ ቀድሞ ያገኛታል፤ በሽታው የሚገለጠው ግን ልጆቿን አሳድጋ፣ ቤቷ በሚፈልጋት ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል የሚጠብቃት ኑሮ በሌላው በኩል ያጠቃታል። ያለዕድሜ ጋብቻን ለመከላከል በቀበሌ የሚደረገው ጥረት ከፌስቱላ ጋር ብቻ ተያይዞ መነገሩ በቂ አይመስልም።

መልክዓ ምድር እንኳ ለውጥ ያመጣል። አየርላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ አንድ ካንሰር በ1958 እ.ኤ.አ. አስታወቀ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በአሮጌ መኪና 10 ሳምንት ያህል ተጉዞ፣ 16 ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጦ፣ ከ50 በላይ ሆስፒታሎችን ጠየቀ። ያገኘውም በሽታው ሞቃትና ዝናባማ በሆነው ቆላ ሲበዛ በደጋው የማይታይ መሆኑን ነው። በኋላ እንደታወቀው የአንድ ቫይረስና የወባ መደራረብ ነበር ምክንያቱ። ተከዜን ተከትሎ ባለው የዝቋላና የአበርገሌ ቆላና ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ሰቆጣ መካከል የወባው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ ለዋግ ገበሬ አስረጂ አያሻውም። በርኪት በእጁ የነበረው አሮጌ መኪና፣ ፎቶግራፍና መጠይቅ ብቻ እንደነበር ሲታሰብ፣ መቁጠር ራሱ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ይታያል። በአርሲና በባሌም የምግብ ቧንቧ ካንሰር በርክቶ መገኘቱ የታወቀው ሐኪሞች ታማሚዎቻቸው ከየት እንደመጡ በመመዝገባቸው ነው፤ እጅግ ትኩስ የሆነ ገንፎና መጠጥ ሊያመጣው እንደሚችል ይጠረጠራል። ዓለም አቀፉ ድርጅትም ከ65 ዲግሪ በላይ የጋለ መጠጥ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል በ2016 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። ቡናውን ጥቂት አብርዶ መጠጣት ምንም ወጪ የለውም።

ከገበሬው ሥራ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን ጎተራ ነው። እርጥበት ያለው ማሽላ፣ በቆሎ ወይም ለውዝ ሲከማች የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በብዛት ከተበላ ወዲያው ይገድላል፤ በጎረቤት ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታምመው 125ቱ ሞተዋል። በጥቂት በጥቂቱ ለዓመታት ከተበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበትን ሰው ይልቁን ክፉኛ ይጎዳል። ገበሬው ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር መርዙ በመቀቀልም ሆነ በመጋገር የማይጠፋ መሆኑ ነው። ስለዚህ ለእንጀራ ያልሆነውን የሻገተ እህል ለጠላ ይሁን ማለት መርዙን ከሌማት ወደ ጋን ማዛወር ነው። ለላም መስጠትም አያዋጣም፤ መርዙ በወተት ተመልሶ ወደ ልጆች ይመጣል። እህሉን ከመክተት በፊት በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ማድረቅ፣ ጎተራውን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ክዳኑን ዝናብ እንዳያስገባ መጠገን፣ የሻገተውንና የጠቆረውን ፍሬ ለቅሞ መጣል ይገባል። ነቀዝን ለመከላከል በሚል በእህል ላይ ዲዲቲ መነስነስም እንዲሁ መቅረት ያለበት ነው፤ ይህም ኬሚካል ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ተብለው ከተመደቡት አንዱ ነው። ለጉበት ቫይረሱ ክትባት አለ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ከሚሰጠው ክትባት ጋር ተካቷል።

የማኅፀን በር ካንሰርን አስቀድሞ ማግኘት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የቀለለ ነው። ከ30 እስከ 49 ዓመት ለሆናቸው ሴቶች የሚደረገው ምርመራ የማኅፀኑን በር ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብቶ ማየት ብቻ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። ወደ ካንሰር ሊለወጥ የተዘጋጀ ቁስል ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ሊታከም ይችላል። ሆኖም በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉ ሴቶች የተመረመሩት ከ100ው 3 ያህል ብቻ ነበሩ። አገልግሎቱ በየትኛው ጤና ጣቢያ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማሳወቅ የቀበሌው አመራር ሥራ ሊሆን ይገባዋል። ወንዶች በተሰበሰቡበት ብቻ ቢነገር ግን ቤት አይደርስም፤ በሴቶች ማኅበር፣ በሰንበቴና በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል፣ አገውኛ ብቻ ለሚናገሩትም በአገውኛ መነገር አለበት። ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ያየች ሴትና በጡቷ ላይ የማያም እብጠት የተሰማት ሴት ግን ዕድሜዋም ሆነ የምርመራው ቀን ሳይጠበቅ መሄድ አለባት። ሕመም የለውም ተብሎ የሚናቀው እብጠት ነው ብዙውን ጊዜ አስጊው።

ለልጃገረዶች ደግሞ የቫይረሱ መከላከያ ክትባት በ2011 ዓ.ም. በ14 ዓመት ዕድሜ ላሉት ተጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ወዳሉት ሁሉ ተስፋፍቶ በአንድ መርፌ ብቻ እንዲሰጥ ተደርጓል። መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። ክትባቱ በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ፣ ፍየል ስትጠብቅ የምትውለዋ ልጅ ትቀራለች፤ ትምህርት ቤት ያልገቡትን ልጃገረዶች ስም ጽፎ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማስረከብ የሚችል ደግሞ እያንዳንዱን ቤት የሚያውቀው የቀበሌው መሪ ነው።

ሞትን መመዝገብም እንዲሁ በቀበሌው እጅ ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሲካሄድ ቆይቷል። ልደትና ጋብቻ ወረቀቱ ስለሚያስፈልግ ይመዘገባል፤ ሞት ግን ብዙውን ጊዜ በቅሬው ዘንድ ብቻ ይታወቃል። የቅሬው ዳኛ ማን እንደሞተ፣ በስንት ዓመቱ እንደሞተ፣ ስንት ወር እንደተኛና የት እንዳበጠ ያውቃል። ይህን የሚያውቀው የቅሬ ዳኛ በወር አንድ ቀን ከቀበሌው መዝጋቢና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ቢቀመጥ፣ ደብተሩና እስክሪብቶው በቀበሌው ጽሕፈት ቤት አለ።