የአኻያ ሥዕል ሳህን

የአኻያ ሥዕል ሳህን እ.ኤ.አ. ከ1790 ገደማ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የተሠራ፣ የቻይናን አሣሣል የሚመስል ሰማያዊ ሥዕል የታተመበት ነጭ የሸክላ ሳህን ነው። በሥዕሉ ላይ የአኻያ ዛፍ፣ ሦስት ሰዎች የሚሻገሩት ድልድይ፣ ጀልባና ሁለት ወፎች ይታያሉ። አሮጌዎቹን የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገሮች አሉ።

በኢትዮጵያ ሳህንን ግድግዳ ላይ ለጌጥ መደርደር የሐረር ቤቶች ልማድ ነው፤ እዚያ ግን በብዛት የሚሰቀለው ስፌትና ቅብ የብረት ሳህን ነው። የቻይና ሸክላ ዝና በቋንቋችንም ቀርቷል፦ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ቡና የሚቀዳበት «ሲኒ» ስሙን ያገኘው «ቻይናዊ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል ነው። እንግሊዞችም እንዲህ ያለውን ዕቃ «ቻይና» ይሉታል።

የቻይና ፖርሴሊን ውድ ስለነበር የስታፈርድሺር ሸክላ ሠሪዎች ርካሽ ምትክ ፈለጉ። ሥዕሉ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ይቀረጻል፤ ሰሌዳው የኮባልት ቀለም ተቀብቶ በስስ ወረቀት ላይ ይታተማል። ወረቀቱ አንዴ በተተኮሰ ሳህን ላይ ይለጠፋል፤ ቀለሙ ሲይዝ በውኃ ይታጠባል። ከዚያ ሳህኑ መስታወት መሰል ቅብ ለብሶ እንደገና ይተኮሳል። ጆሳያ ስፖድ ይህን ዘዴ ያሻሻለው እ.ኤ.አ. በ1784 ገደማ ነው። በዳሩ ጌጥ ላይ ወረቀቱ የተጋጠመበት መስመር ከታየ ሥዕሉ የታተመ ነው፤ በእጅ የተሣለ ከሆነ የብሩሽ ምት ይታይበታል።

ስለ ሥዕሉ የሚነገረው ታሪክ፣ ማለትም የሹም ልጅና ድሃ ጸሐፊ ተፋቅረው ሲሸሹ ተገድለው ወፍ ሆኑ የሚባለው፣ የቻይና ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1849 በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ታትሞ የተስፋፋ፣ ሥዕሉ ከወጣ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተፈጠረ ነው። ስለዚህ ሻጭ ተረቱን ቢተርክ ለሳህኑ ጥንታዊነት ማስረጃ አይሆንም።

ዕድሜውን ለመገመት ጀርባውን ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ወደ አገሩ በሚገባ ዕቃ ላይ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍ ስላዘዘ፣ «ኢንግላንድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው። ጽሑፍ አለመኖሩ ግን ብቻውን አሮጌነትን አያረጋግጥም። ስንጥቅን ለማወቅ ሳህኑን በጣት ጫፍ ይዞ በጥፍር መታ ማድረግ ነው፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል።