በኩባያ የሞተ፣ በኩሬ የተረፈ

ይቺ በእኔና በእናንተ መካከል ትቅር። «ይህ ቅጠል የወባ ትንኝን መቶ በመቶ ፈጀ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር፣ እኛ ትንኝ የምናረባ ሰዎች እርስ በርስ ተያይተን ፈገግ እንላለን። ዜናው ውሸት ሆኖ አይደለም። የትንኟ እጭ በእርግጥ ሞቷል፤ የሞተው ግን ኩባያ ውስጥ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ቅጠሉ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ሜታኖል ውስጥ ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ ሜታኖሉ ሲተን እንደ ሬንጅ የጠቆረ ዝልግልግ ጭማቂ ይቀራል። ከዚያ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት፣ ጭማቂው የተጨመረበት 100 ሚሊ ሊትር ያህል ውኃ ባለበት ኩባያ 25 እጮች ይገባሉ፤ በ24 ሰዓት ሬሳ ይቆጠራል።

ጓዳው እዚህ ጋ ነው። መመሪያው ጠና ያሉ እጮችን ይጠይቃል፤ ለጋ እጭ ግን ቶሎ ይሞታል፣ ውጤት ማሳመር ለፈለገ ሰውም አመቺ ነው። መጠን መጨመርም ይቻላል፤ በደንብ ከጨመሩትማ ጨውም ይገድላል። ጭማቂ ባልገባበት ማነጻጸሪያ ኩባያ ከ20 በመቶ በላይ ከሞተ ሙከራው መጣል አለበት። እኔ የጥናት ወረቀት ሳነብ ማጠቃለያውን ዘልዬ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ቁጥር ነው።

ያው መለኪያ ደጉንም ይበድላል። ድሬዳዋ ላይ ጥላ የሚሆነንን ኒም ውሰዱ። ውስጡ ያለው አዛዲራክቲን ወዲያው አይገድልም፤ የእጩን ሆርሞን አውኮ ቆዳውን እንዳይቀይር ያግደዋል። በ24ኛው ሰዓት እጩ ሲዋኝ ታዩታላችሁ፤ ክንፍ አውጥቶ መብረር ግን አይሆንለትም። በማግስቱ ሬሳ ብቻ የቆጠረ ሰው ኒምን «ደካማ» ብሎ ይመዘግበዋል።

አሁን ወደ ኩሬው እንውጣ። አንድ ጭማቂ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ሲገባ ይገድላል እንበል። ርዝመቱ 10፣ ወርዱ 5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኩሬ 15,000 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ 1.5 ኪሎ ጭማቂ ይፈልጋል። ከደረቁ ቅጠል አንድ አሥረኛው ቢወጣ፣ ለአንድ ኩሬ ለአንድ ዙር 15 ኪሎ ደረቅ ቅጠል ማለት ነው። አዛዲራክቲንን ደግሞ ፀሐይ በቀናት ውስጥ ታፈርሰዋለች። ቴሜፎስ የተባለው እጭ ገዳይ ኬሚካል ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደለት ጣሪያ በሊትር 1 ሚሊ ግራም መሆኑን ስታስቡ፣ የመቶ እጥፍ ልዩነቱ ይታያችኋል።

ፓይሬትረም የሚባለው አበባም በዚሁ ፀሐይ ተፈትኗል። ኬሚስቶች የአበባውን መርዝ አስመስለው፣ ፀሐይ የሚችለውን ፐርሜትሪን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሠሩ፤ የአጎበራችን መድኃኒት የዚያው ዘር ነው። አበባው ያሸነፈው በፋብሪካ አልፎ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ቅጠሉ ተስፋ የለውም? አለው፤ ኩሬ ላይ አይደለም እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ከተሜ ናት፤ በርሜልና የግንባታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። የ2022ቱ የድሬዳዋ የወባ ወረርሽኝም ከእሷ ጋር ተያይዟል። ጥላ ሥር የተቀመጠ 200 ሊትር በርሜል በዚያው ሒሳብ 20 ግራም ጭማቂ ይበቃዋል፤ ይህ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ዛፍ የሚያገኘው ነው።

ግን ያ ውኃ ይጠጣል፣ ወጥ ይሠራበታል። ስለዚህ የምርምር ገንዘብ በእጃችሁ ካለ፣ «ቅጠሉ ይገድላል» የሚል ሌላ ጥናት አትግዙ። በርሜል ውስጥ ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ የክረምቱ ቅጠል ከበጋው እኩል ጉልበት ይኑረው አይኑረው፣ ውኃውን ሕፃን ቢጠጣው ምን እንደሚሆን የሚመረምረውን ክፈሉ።