በሠላሳ ቀን አንድ ልብ ወለድ፦ ተነሣሽነትና መስፈሪያው



እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች በአንድ ወር የልብ ወለድ ረቂቅ ለመጻፍ ተነሡ። ኋላ «ናኖራይሞ» ተብሎ በዓለም ዙሪያ የታወቀው የዚህ ውጥን ግብ በሠላሳ ቀን 50,000 ቃላት መጻፍ ነበር፤ በቀን 1,667 ገደማ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱን ቢያስታውቅም ልማዱ አልቀረም።

ብዙ ጸሐፊ የሚዝለው በሁለተኛው ሳምንት ነው። የመነሻው ሐሳብ ትኩስነት በርዷል፤ መጨረሻው ገና አይታይም። ያን ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም ይጀምራል። ማረም ሥራ ይመስላል፤ ረቂቁን ግን አንድ ገጽ አያራምደውም።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ወጥመድ ነው። «አልነገርኳቸውም» ብለን በአንድ ቃል የምንፈጽመውን ሐሳብ እንግሊዝኛ በአምስት ቃላት ይገልጸዋል። ስለዚህ 50,000 የአማርኛ ቃላት ከታሰበው እጅግ የሰፋ መጽሐፍ ይወጣቸዋል። ቁጥሩን እንዳለ የተዋሰ ተማሪ በየማታው ዕዳውን ሲቆጥር ይከርምና ራሱን ሰነፍ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል። ጥፋቱ ግን የመስፈሪያው እንጂ የእርሱ አልነበረም።

እንግዲህ በቃል ብዛት ፋንታ በቀን አንድ ትዕይንት ወይም አንድ ሰዓት ብለን እንለካ። የሚቀጥለውን ዐረፍተ ነገር እያወቅን እናቁም፤ በማግስቱ ከባዶ አንነሣም። ያመለጠንን ቀን በነገው ላይ አንደርብ። እርማቱንም ለወሩ ማብቂያ እናቆየው። የዕለት ልኩን የሞላ ሰው ለነገው የሚሆን ብርታት ከዚያው ያገኛል።