«ደህና ነኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ የተራራ ተጓዦች ወሬ ምን ያስተምረናል?

ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ የባሕረ ሰላጤው ሙቀት በረድ ሲል፣ በዱባይ፣ በሻርጃ፣ በራስ አል ኸይማና በማስቀት የሚኖሩ ብዙ ሰዎች የዕረፍት ቀናቸውን በተራራ ላይ ያሳልፋሉ። የባንክ ሠራተኛው፣ ነርሷ፣ ሾፌሩና ሞግዚቷ በአንድ መኪና ተሳፍረው ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ። በሥራ ቀን ላይገናኙ የሚችሉ ሰዎች ተራራው ላይ ተምርና ሻይ ይካፈላሉ።

እነዚህ ሰዎች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ ጫማ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ደመና ነው። ለአዲስ ሰው ተራ ጨዋታ ይመስላል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ጨዋታው ሕይወት የሚያድን ትምህርት አለበት። ለእኛ ለቤት ሠራተኞች ደግሞ ከሁሉም የሚከብደን አንዱ ክፍል ነው፤ እሱም ሲደክመን «ደክሞኛል» ብሎ መናገር ነው።

ከዋዜማው ጀምሮ

የተራራ ወሬ የሚጀምረው ከመንገዱ በፊት፣ በዋዜማው ማታ በስልክ ነው። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንነሳው?» «መኪናው ውስጥ ስንት ቦታ ቀርቷል?» «ቤንዚኑን እንዴት ነው የምንካፈለው?» ከዚያም «የአየሩን ሁኔታ ያየ አለ?» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ በስልካችሁ ሰዓት 4 ወይም 5 ማለት ነው። ምክንያቱ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ ዳገቱን ለመጨረስ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ዓይነት ጫማ አለሽ?» የሚል ነው። የሐጀር ተራሮች ድንጋይ ስለታምና ልቅ ነው፤ ሲረገጥ ይንሸራተታል። በክፍት ጫማ ወይም መርገጫው ባለቀ ጫማ መሄድ ቁርጭምጭሚት ያስወልቃል። ውድ ጫማ የግድ አይደለም። መርገጫው ጥርስ ያለው፣ ጣትን የሚሸፍንና በደንብ የሚታሰር ስፖርት ጫማ ለቀላል መንገድ ይበቃል። አዲስ ጫማ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ተለማመዱበት፤ ተረከዝ የሚልጠው በመጀመሪያው ቀን ነው።

«ስንት ሊትር ይዘሻል?»

መኪናው ቆሞ ቦርሳ ሲወርድ ሁሉም ሰው የሌላውን ቦርሳ በዓይኑ ይመዝናል። ልምድ ያላቸው ተጓዦች በክረምቱ ወራት እንኳ ለግማሽ ቀን ጉዞ ለአንድ ሰው 3 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛሉ። ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከመኪናው ተጨማሪ ይሰጠዋል፤ ካልተገኘም አጭሩን መንገድ እንዲሄድ ይነገረዋል። ይህ ንቀት አይደለም። በእነዚህ ተራሮች በብዙው መንገድ ላይ ምንጭም ሱቅም የለም። ውሃው ግማሽ ላይ ሲደርስ ደግሞ መመለሻው ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ውሃ ብቻም አይበቃም። ላብ ጨውንም ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ተጓዦች ተምር፣ ጨው ያለው ለውዝ ወይም በውሃ የሚበጠበጥ ኦአርኤስ ይይዛሉ።

«እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ተራራ አይከብደኝም» የምትል እህት ልትኖር ትችላለች። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ በኤምሬትስ ከፍተኛው የጀበል ጄይስ አካባቢ ግን ከ1,900 ሜትር ብዙም አያልፍም። በኦማን ከፍተኛው ጀበል ሸምስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ነገር ግን እዚህ የሚፈትነው የአየሩ መሳሳት ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ደግሞም ሰውነት በደጋ ያገኘው ብርታት ወደ ባሕር ዳር ከወረደ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ሁለት ዓመት በአፓርታማ ውስጥ በቀዝቃዛ አየር የሠራ ጉልበት፣ ከልጅነት እንጨት ለቀማ ጉልበት ጋር አንድ አይደለም።

የአረብኛ ስሞቹ የሚናገሩት

የቦታዎቹን ስም ትርጉም ማወቅ ወሬውን ለመከታተል ይረዳል። «ጀበል» ተራራ ነው። «ሸምስ» ፀሐይ ነው፤ ስለዚህ ጀበል ሸምስ «የፀሐይ ተራራ» ማለት ነው። «ራስ» የእኛው ራስ ነው፤ «ኸይማ» ደግሞ ድንኳን፣ በግዕዝም «ኀይመት» ይባላል። በኦማንና በአል አይን ተጓዦች የሚያገኙት «ፈለጅ» የሚባል የውሃ ቦይ አለ፤ ከግዕዙ «ፈለግ» ጋር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በኦማን ያሉ አምስት የፈለጅ ቦዮች እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ሁለት ቃላት መታወቅ አለባቸው፤ «ዋዲ» እና «ሰይል»። ዋዲ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሊሆን የሚችል ሸለቆ ነው። ሰይል የእኛ ደራሽ ውሃ ነው። በእናንተ ራስ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ የጣለው ግን ራቅ ባለ ተራራ ላይ ነው። ድንጋዩ ውሃ ስለማይመጥ ጎርፉ በደቂቃዎች ውስጥ ሸለቆውን ይሞላዋል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው ተረት በዋዲ ውስጥ እውነት ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚነካ የነበረው ውሃ ከአፍታ በኋላ መኪና ይገፋል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2024 በአል አይን አካባቢ ኸትም አል ሸክላ በተባለ ቦታ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ 254 ሚሊሜትር ዝናብ ተመዝግቧል። በዚያው ሰሞን በኦማን ጎርፍ በወሰደው ተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ተማሪ ልጆች ሕይወታቸው አልፏል። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ደንብ በዝናብ ጊዜ በዋዲና በግድብ አጠገብ የሚሰበሰብ ሰው 1,000 ድርሃም፣ ጎርፍ ወዳለበት ዋዲ የሚነዳ ደግሞ 2,000 ድርሃም ይቀጣል፤ መኪናውም ለ60 ቀን ይያዛል።

ስለዚህ ተጓዦች ስለ ደመና ሲያወሩ አብራችሁ አውሩ። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ ከመጣ፣ ወይም ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ፣ ዕቃ ለመሰብሰብ አትቆዩ። ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታው ውጡ። ዋዲውን ለመሻገር አትሞክሩ።

ገመድ የሚያያዙ ሰዎች

ከእግር ተጓዦቹ ሌላ በገመድ ቋጥኝ የሚወጡም አሉ። በዱባይ በአዳራሽ ውስጥ ለዚሁ የተሠሩ ግድግዳዎች ይገኛሉ፤ በራስ አል ኸይማና በሙሰንደም ተራሮች ደግሞ የተፈጥሮው አለት አለ። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ከታች ገመዱን ይይዛል።

ከመውጣታቸው በፊት የሚያደርጉት ነገር ያስገርማል። ሃያ ዓመት የወጣ ሰው እንኳ ቋጠሮውን ለጓደኛው ያሳያል። ጓደኛው ቋጠሮውንና የወገብ ቀበቶውን ዘለበት በዓይኑና በእጁ ይመረምራል። የሚወጣውም በተራው የገመድ ያዡን ዕቃ ያያል። ከዚያ «ያዝክ?» «ይዣለሁ» «ልውጣ?» «ውጣ» ይባባላሉ። መልሱ ሳይሰማ ማንም እግሩን ከመሬት አያነሳም። «አታምነኝም ወይ?» ብሎ የሚቆጣም የለም፤ መፈተሽ የመዋደድ ምልክት ነው።

ይህ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ወንዶች ብቻ በሚገቡበት በደብረ ዳሞ ገዳም ምእመኑ ገመድ ይዞ ሲወጣ ከላይ ያለው ሰው ሌላ ገመድ በወገቡ አስሮ ይስበዋል። በገርዓልታ በአቡነ የማታ ጉሕ ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው በቋጥኙ ላይ ሲወጡ አካባቢውን የሚያውቀው ሰው እጅና እግር የሚያርፍበትን እየጠቆመ ይመራቸዋል። በሁለቱም ቦታ የሚወጣው ሰው ዝም ብሎ አይወጣም፤ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ይመለስለታል።

«ደህና ነኝ» የሚለው መልስ

የጉዞ መሪ በየጊዜው ወደ ኋላ ዞሮ «እንዴት ናችሁ?» ይላል። ይህ ሰላምታ ብቻ አይደለም። እውነተኛ መልስ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ልማድ አደጋ የሚሆነው። ሳምንቱን ሙሉ ማዳም ስትጠይቅ «ታማም»፣ ከአገር ቤት እናት ስትደውል «ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የምትል እህት፣ ራሷን እየዞራትም ለማያውቋት ሰዎች ያንኑ ትመልሳለች። ሰውን ማስቸገር፣ ጉዞ ማስቆም፣ ደካማ መባል ያሳፍራታል። ዝም ብላ ትከተላለች። በቤት ውስጥ ያ ዝምታ ሥራዋን የሚያስጠብቅላት መስሏት ይሆናል። በተራራ ላይ ግን ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር የሰውነት የመጀመሪያ ጥሪ ነው። ያኔ ተናግሮ በጥላ ሥር መቀመጥ፣ ልብስ ማላላት፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ መጠጣት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዝም ከተባለ ግን የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሰውየው ንግግሩ ይምታታል፣ ይንገዳገዳል፣ ራሱን ይስታል። በአረብኛ «ደርበት ሸምስ» ይባላል፤ «የፀሐይ ምት» ማለት ነው። ይህ ሲሆን ወዲያውኑ ለድንገተኛ አደጋ መደወል፣ እስኪመጡም በሽተኛውን በጥላ አስተኝቶ ውሃ እያፈሰሱ በጨርቅ እያራገቡ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አይሰጥም።

አንድ ቃል በቃላችሁ ያዙ፦ «አና ታዕባና»። በባሕረ ሰላጤው አነጋገር ድካምንም ሕመምንም ይገልጻል። አረብኛ የሚሰማ ሰው ሁሉ ይገባዋል። እሱን ለማለት ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም።

በደህና ቡድን ውስጥ ቀድሞ «ደክሞኛል» ያለ ሰው አይሳቅበትም። እንዲያውም ሌሎቹ «እኔም ልለው ነበር» ብለው አብረው ይቀመጣሉ። የሚሳቅበትና የሚጣደፍበት ቡድን ከሆነ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን ፈልጉ።

መመለስ ሽንፈት አይደለም

ተጓዦች ሻይ ሲጠጡ የሚያወሩት ስለወጡበት ተራራ ብቻ አይደለም። ስለተመለሱበትም ያወራሉ። «ጫፉ ሲታይ ተመለስን» ማለት በእነሱ ዘንድ የሚያኮራ ወሬ ነው። ገና ሲነሱ «እስከዚህ ሰዓት ካልደረስን እንመለሳለን» ብለው ይስማማሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ቅርብ ቢሆንም ይመለሳሉ። የእኛ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» እዚህ ቦታ የለውም። ለቤት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ሰዓትም አለ፤ ወደ ቤት የምትገባበት። ያንን ሰዓት ለመሪው ጠዋት መንገር ያስፈልጋል፤ ማታ ላይ በጨለማ ቁልቁለት መሮጥ ከዚያ ይመጣልና።

ቀኑ የእናንተ ነው፣ ጥንቃቄውም

የዕረፍት ቀን ችሮታ አይደለም። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ቁጥር 9 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ይሰጣል። የኳታር የ2017ቱ ቁጥር 15 እና የኩዌት የ2015ቱ ቁጥር 68 ሕጎችም ሳምንታዊ ዕረፍትን ደንግገዋል። ቀኑን ተኝቶ ማሳለፍም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድም፣ ተራራ መውጣትም የሠራተኛዋ ምርጫ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጡ ከሆነ ብቻችሁን ከማታውቁት ሰው መኪና አትግቡ። ከምታውቁት ጓደኛ ጋር ሂዱ። የት እንደምትሄዱ፣ ከማን ጋርና መቼ እንደምትመለሱ ቤት ለቀረች አንዲት እህት ንገሩ፤ የቆማችሁበትንም ቦታ በስልክ ላኩላት። የመኖሪያ መታወቂያችሁ ከእናንተ ጋር ይሁን። የኤምሬትስና የኦማን ድንበር በተራሮቹ መካከል ያልፋል፤ መንገዱ ድንበር የሚሻገር ከሆነ ያለ ፓስፖርትና ያለ ፈቃድ አትሂዱ። ስልካችሁን ሞልታችሁ ያዙ፤ በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት መልእክት ላኩ።

እነዚህንም ቁጥሮች መዝግቡ፦ በኤምሬትስ ፖሊስ 999፣ አምቡላንስ 998፣ የፍለጋና ነፍስ አድን ማዕከል 995፤ በኦማን 9999፤ በኳታር 999፤ በኩዌት 112።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ከነዚህ ሰዎች ጋር ብትወጡ፣ ጨዋታቸውን ስሙ፣ ተጫወቱም። መሪው ዞሮ «እንዴት ነሽ?» ሲል ግን ለማዳም የምትመልሱትን አትመልሱለት። እውነቱን ንገሩት።