ልጅን ፖፖ ማስለመድ፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት ማለፍ ይቻላል?

ዝናብ በሚበዛባቸው በመቱ፣ በጎሬ፣ በኡካና በሌሎች የኢሉባቦር ከተሞች የታጠበ ልብስ ቶሎ አይደርቅም። ፖፖ መለማመድ የጀመረ ህጻን በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ሱሪውን ሲያረጥብ የወላጅ ትዕግስት ይፈተናል።

ይሁን እንጂ ይህ የልጁ ጥፋት አይደለም። ሽንትንና ሰገራን መቆጣጠር የሚቻለው ነርቭና ጡንቻ ሲጠነክሩ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ህጻናት ይህ ከ18 ወር እስከ 3 ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል። ለሁለት ሰዓት ያህል ሳያረጥቡ መቆየት አንዱ የዝግጁነት ምልክት ነው።

ቁጣ ነገሩን ያባብሰዋል። የፈራ ህጻን ሰገራውን ይዞ ያቆያል፤ ሰገራው ይደርቃል፣ ሲወጣም ያመዋል፤ በዚህም ምክንያት ፖፖውን ጭራሽ ይሸሻል። ምግብ አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ ከቁርስና ከምሳ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ሲሳካለት ማመስገን፣ ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ሳይቆጡ ልብሱን መቀየር ይመከራል።

«የህጻን ሰገራ አይጎዳም» የሚለው አስተሳሰብም ስህተት ነው። ተቅማጥ አምጪ ተህዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችሉ ወደ ሽንት ቤት ሊደፋ፣ ፖፖው ሊታጠብ፣ የወላጅም የልጅም እጅ በሳሙና ሊጸዳ ይገባል።

ልጁ አጥብቆ እምቢ ካለ ለጥቂት ሳምንታት ትቶ እንደገና መጀመር ይቻላል። የሆድ ድርቀቱ ከጸና ወይም ሲሸና ካመመው ግን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።