በፀሐይ የነጣ ቀንድ፦ ቀለሙ ያለው ከውስጥ ነው

ሞያሌ ላይ አንድ የከብት ነጋዴ ከቤቱ ጀርባ ሁለት ጆንያ ቀንድ አሳየኝ። በአንደኛው ያለው ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቀውበት አመድ መስሏል። በሁለተኛው ያለው ግን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው። «ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ይሄኛውን ቀለም መለስኩለት» አለኝ። አንዱን አንስቼ አገላብጬ ሳስቀምጠው መዳፌ ጠቁሮ ቀረ። የተቀባው የጫማ ቀለም ነበር። ዋንጫና ቁልፍ የሚሠራው ገዢም መዳፉን አይቶ ጆንያውን እንዳለ መልሶለታል።

ነጋዴው ዘዴውን የተማረው በስልኩ ካየው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው የሚያሳየው ዲርና ኤልክ የሚባሉ የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳትን ቀንድ ቀለም እንዴት እንደሚመልሱለት ነው። ትምህርቱ ውሸት አልነበረም። ግን የሌላ ዕቃ ትምህርት ነው። ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ ገንዘብ ነው፤ በየቄራው ጀርባና በየግጦሹ ላይ ተጥሎ የሚነጣው ቀንድ ብዙ ነውና።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት

በአማርኛ ሁለቱንም «ቀንድ» እንላቸዋለን። የዲርና የኤልክ ቀንድ አጥንት ነው። በየዓመቱ ይበቅላል፣ በየዓመቱም ይረግፋል። የበሬ፣ የፍየልና የበግ ቀንድ ግን አይረግፍም። ከውስጥ ከራስ ቅሉ የወጣ አጥንት አለው፤ ከላዩ ጥፍርና ሰኮና ከተሠሩበት ከኬራቲን የሆነ ሽፋን ለብሷል። በገበያ የምንሸጠው ይህን ሽፋን ነው።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው ትርጉም ነው። አጋዘን በአገራችን ጠምዛዛ ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ነው፤ ቀንዱም እንደ በሬው ሽፋን እንጂ የሚረግፍ አጥንት አይደለም። ተርጓሚዎች ግን የአሜሪካውን ዲርም «አጋዘን» ይሉታል። ስለዚህ «የአጋዘን ቀንድ ቀለም አመላለስ» ብሎ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የአጥንት አሠራር ነው።

ኤልክ ቀንዱ ሲበቅል ፀጉራም ቆዳ ለብሶ ነው። ያ ቆዳ ደርቆ ሲላላጥ እንስሳው ቀንዱን ከዛፍና ከቁጥቋጦ ጋር ይፈትገዋል። ቡናማው ቀለም የሚመጣው ከደሙና ከተክሉ ጭማቂ ነው። ማለትም ቀለሙ ከውጭ የገባ ነው። ከረገፈ በኋላ ሜዳ ላይ ሲከርም ፀሐይ ያነጣዋል፤ ብዙ ዓመት ከቆየ ደግሞ እንደ ጠመኔ ይፈረፈራል። እዚያ ያሉ ነጋዴዎች ዋጋ የሚቆርጡትም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ ቡናማው አንደኛ፣ ነጭ ሆኖ ጠንካራው ሁለተኛ፣ ጠመኔ የሆነው መጨረሻ።

የነጣውን ለመመለስ የሚጠቀሙት የፈላ ሻይ፣ የእንጨት ቀለም ወይም ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ነው። ይህን የመጨረሻውን ቁስል ለማጠብ ስለምንጠቀምበት እናውቀዋለን፤ ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀባና በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ይሆናል። አጥንት ጥቃቅን ቀዳዳ ስላለው ቀለሙን ይጠጣል። ሥሩን አጥቁረው፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው ነጣ አድርገው፣ በሰም ይጨርሱታል። ለጌጥና ለቤት ዕቃ ይህ ይሠራል። ለውሻ ማኘኪያ የሚሸጠው ግን ቀለም አይነካውም።

የከብት ቀንድ አይቀባም፣ ይፋቃል

የበሬ ቀንድ የታመቀ ነው፤ ቀለምን እንደ አጥንት አይጠጣም። የተቀባበት ነገር ላዩ ላይ ተቀምጦ እጅ ያቆሽሻል፣ ይላላጣል። ደግሞም ቀለሙ ከውጭ የመጣ ስላልሆነ ከውጭ መመለስ አያስፈልገውም። ጥቁሩም፣ ቡናማውም፣ ክሬም መልኩም ቀንዱ ሲያድግ አብሮት የተሠራ ነው። ፀሐይና ዝናብ ያበላሹት የላዩን ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። ያ ሲነሳ የተፈጥሮው መልክ ይወጣል።

አሠራሩ ይህ ነው። ቀንዱ ውስጥ አጥንት ካለ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማቆየት ያላቅቀዋል። ከዚያ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ይታጠብና በጥላ ሥር ለቀናት ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያሰነጥቀዋል። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ በረኪናና ኮስቲክ ሶዳ ኬራቲንን ይበላሉ።

ሲደርቅ በሞረድ፣ በቢላ ጠርዝ ወይም በመስታወት ስባሪ ከሥር ወደ ጫፍ ይፋቃል። ቀለሙ ሲወጣ ይቆማል። ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት ነው፦ በ120 ተጀምሮ፣ በ240፣ በ400፣ በመጨረሻም በ600 ይታሻል። ውኃ እየነኩ ማሸት አቧራውን ይቀንሳል፤ አፍና አፍንጫ ግን ምንጊዜም መሸፈን አለበት።

የመጨረሻው ቅባት ነው። የተልባ ዘይት በስሱ ተቀብቶ፣ ትርፉ ተጠርጎ፣ ከደረቀ በኋላ በንብ ሰም ይወለወላል። የምግብ ዘይት አይደርቅም፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ይሸታል። ቅቤ ደግሞ አይጥና ተባይ ይጠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

ሁሉም ቀንድ ጥቁር መሆን የለበትም። የኡጋንዳው አንኮሌ ከብት ቀንድ አብዛኛውን ጊዜ ነጣ ያለ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። የእጅ ባለሙያ የሚከፍለው ለዚህ ዝንጉርጉር ነው። ቀለም የሚቀባ ሰው የሚሸጠውን ነገር ራሱ ይሸፍነዋል።

ከመፋቅ በፊት መለየት

አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው በአፋፋቅ ሳይሆን የማይረባውን በመፋቅ ነው። በመጀመሪያ በቢላ ጀርባ መታ መታ አድርጉት፤ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ነው። ሥሩን እዩ፤ ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት እየተላቀቀ ከሆነ ተዉት። ቀዳዳ ካለው ወይም ከላዩ የአፈር ቱቦ የመሰለ ነገር ከበቀለበት የቀንድ ብል ገብቶበታል፤ የዚህ ብል እጭ የሚኖረው ኬራቲን በልቶ ነው። በመጨረሻ መሐሉን ሁለት ጣት ያህል ፋቁት። ቀለም ከወጣ ግዙ፤ ዱቄት ብቻ ከሆነ ተዉት።

ይህ በገንዘብ ሲሰላ እንዲህ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ በራሳችሁ ዋጋ ተኩ። 100 ቀንድ አንዱን በ40 ብር ገዛችሁ እንበል፤ 4,000 ብር ነው። ለአንዱ የጉልበትና የዕቃ ወጪ 60 ብር ነው። ተሠርቶ በ150 ብር ይሸጣል። ከ100ው ውስጥ 25ቱ የማይረባ ነው።

ሳትለዩ ሁሉንም ከሠራችሁ 6,000 ብር ታወጣላችሁ፤ ጠቅላላው 10,000 ይሆናል። 75ቱ ተሸጦ 11,250 ይገኛል፤ ትርፉ 1,250 ብር ነው። አስቀድማችሁ ለይታችሁ 75ቱን ብቻ ብትሠሩ ግን ወጪው 4,500፣ ጠቅላላው 8,500፣ ትርፉ 2,750 ብር ነው። ያው ቀንድ፣ ያው ዋጋ፣ ትርፉ ግን ከእጥፍ በላይ። የወደቀውም ቢሆን በእንፋሎት ተቀቅሎና ተፈጭቶ ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይሆናል።

የማይፋቅ ነገር

ቀለም ይመለሳል። የቀንዱ ምንጭ ግን ተፍቆ አይለወጥም። ከሜዳ የተለቀመ ቀንድ የምን እንስሳ እንደሆነና በምን እንደሞተ ካልታወቀ አትንኩት። አባ ሰንጋ በሚታይባቸው አካባቢዎች ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከብት በድንገት ሞቶ ከአፍና ከአፍንጫው የማይረጋ ደም ከፈሰሰው በድኑ አይከፈትም፣ ቆዳውም ቀንዱም አይወሰድም፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገራል። የአባ ሰንጋ ተህዋስ ዘር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ በቆዳ፣ በፀጉር፣ በአጥንትና በቀንድም ይጓዛል። ቀንድ ስትፍቁ የሚነሳውን አቧራ የምትተነፍሱት እናንተና ሠራተኞቻችሁ ናችሁ። መታጠቡም፣ ዘይት መቀባቱም ዘሩን አይገድለውም። ስለዚህ የሚሻለው ምርመራ ተደርጎላቸው ከታረዱ ከብቶች፣ ከቄራ የተገዛ ቀንድ ነው።

ሁለተኛው የዱር እንስሳ ነው። የኒያላ፣ የአጋዘን ወይም የሳላ ቀንድ በጆንያው ከተገኘ «ከሜዳ ያነሳሁት ነው» ማለት አያድንም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከከለከለች ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ የላትም። አንድ የዱር ቀንድ የሕጋዊውን ጭነት ሁሉ ሊያስይዝ ይችላል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ቀንድ የእንስሳት ተዋጽኦ ነውና ድንበር ሲሻገር የላኪው አገር የጤና ሰርተፊኬትና የተቀባዩ አገር የማስገቢያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። የቄራው ደረሰኝ እጃችሁ ላይ ካለ ሰርተፊኬቱን የሚጽፈው ባለሙያ የሚተማመንበት ነገር ያገኛል።

በቁም ከብት ላይ ስታዩት

ይህ ዕውቀት በቁም ከብት ገበያም ይጠቅማል። በላሟ ቀንድ ሥር ያሉት ቀለበቶች ከወሊድ ጋር ስለሚጨምሩ ዕድሜ ይገመትባቸዋል፤ በሞረድ ተፍቀው በዘይት ከተወለወሉ ግን አሮጊቷ ጊደር ትመስላለች። ቀንዷ ከልክ በላይ ያማረ ላም ስታዩ አፏን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቋሚ የፊት ጥርሶች የሚወጡት ወደ 2 ዓመት ገደማ ነው፤ ስምንቱም የሚሟሉት ከ4 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ መበላትና መላላት ይጀምራሉ። ጥርስን ሞረድ አያድሰውም።

የሞያሌው ነጋዴ የተመለሰበትን ጆንያ አልጣለውም። የጫማ ቀለሙን በሳሙና አጥቦ፣ አንዱን ቀንድ በመስታወት ስባሪ ፍቆ አሳየኝ። ከአመዱ ሥር ማር የመሰለ ቡናማ ወጣ፣ ወደ ጫፉ ጥቁር ደም ሥር ነበረው። ቀለሙ እዚያው ነበር።