አስለቃሽ ጭሱ ሳይጠራ ወረርሽኝ የገባባት ከተማ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2019 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ጭምብል አጥልቆ ሰልፍ መውጣት በሕግ ተከለከለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጁላይ 2020፣ ያለ ጭምብል አውቶቡስ መሳፈር የሚያስቀጣ ሆነ። ያው ሕዝብ፣ ያው ፊት፤ ትዕዛዙ ብቻ ተገለበጠ።

ሰልፉ የተቀጣጠለው ተጠርጣሪዎችን ለቻይና አሳልፎ ለመስጠት በወጣ ረቂቅ ሕግ ነው። በጁን 16 ቀን 2019 በተካሄደው ሰልፍ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው ወጣ ሲሉ አዘጋጆቹ፣ ፖሊስ ቁጥሩን 338,000 አለው። የትኛውም ቁጥር ቢወሰድ የሕዝቧ ብዛት 7.5 ሚሊዮን ለሆነ ከተማ ቀላል አይደለም። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ ሰልፈኛውን የደገፈ “ቢጫ”፣ ከፖሊስ ጋር የቆመ “ሰማያዊ” ተባለ። ምግብ ቤቱም ሳይቀር በቀለም ተለየ። የባሰው ግን አባትና ልጅ አንድ ማዕድ ቀርበው በአንድ ቃል መጣላታቸው ነበር።

ይህ ሁሉ በሰዉ አእምሮ ላይ ምን አደረሰ? እንዲህ ያለ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ በግምት ይታለፋል፤ ከሁከቱ በፊት ሕዝቡ እንዴት እንደነበረ የመዘገበ ሰው አይገኝምና። ሆንግ ኮንግ እዚህ ላይ ዕድለኛ ናት። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁከት ይነሣል ብሎ ማንም ባላሰበበት በ2009 ጀምረው፣ ከ18,000 በላይ አዋቂዎችን በየጊዜው እየጠየቁ ይከታተሉ ነበር።

የድባቴ ምልክት የታየባቸው ሰዎች እስከ 2014 ድረስ 1.9 በመቶ ነበሩ። የጃንጥላ እንቅስቃሴ ከተባለው የ2014 የተቃውሞ ሰልፍ በኋላ፣ በ2017፣ 6.5 በመቶ ደረሱ፤ በ2019 ደግሞ 11.2 በመቶ። ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚመጣው ጭንቀት፣ ማለትም ቅዠቱ፣ ድንጋጤው፣ ያዩት ነገር ሳይጠሩት ዓይን ላይ መምጣቱ፣ ከ5 በመቶ ገደማ ተነሥቶ 12.8 በመቶ ሆነ። እርግጥ ይህ በመጠይቅ የተገኘ ጥርጣሬ እንጂ ሐኪም መርምሮ ያረጋገጠው ሕመም አይደለም። ቢሆንም ተመራማሪዎቹ መጠኑን ከጦርነትና ከሽብር ጥቃት በኋላ ከሚታየው ጋር አቀራርበውታል።

ይበልጥ የሚያስገርመው የተጎጂው ማንነት ነው። ቢጫ መሆንም ሰማያዊ መሆንም ከሕመሙ አላስጣለም። ልዩነት ያሳየው ስልክ ነበር፦ በቀን ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሁከቱን ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ሲከታተሉ የዋሉት ይበልጥ ተጠቅተው ተገኙ። አስለቃሽ ጭስ ያልሸተተው ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ የቀጥታ ስርጭቱን ያያል፤ ይደግመዋል። (ስልኩ ነው ያስጨነቀው ወይስ የተጨነቀው ነው ከስልኩ መላቀቅ ያቃተው? ጥናቱ ይህን አይለይም።) ከድባቴ በመጠኑ የጋረደው የቤተሰብ ድጋፍ ነበር፤ ያውም ክርክሩ ሲያናውጠው የከረመው ቤተሰብ።

ጥናቱ በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣው ጃንዋሪ 9 ቀን 2020 ነው። በሁለት ሳምንቱ፣ ጃንዋሪ 23፣ ከተማዋ የመጀመሪያዎቹን የኮሮና ሕሙማን አገኘች።

የከተማዋ ሰው ወረርሽኝ ያውቃል። በ2003 ሳርስ 299 ሰው ገድሎበታል፤ በዚያው ዓመት ራሳቸውን ያጠፉ አረጋውያን ቁጥር አሻቅቦ እንደነበርም ተመዝግቧል። ስለዚህ ፍርሃቱ ከበሽታው ቀድሞ ደረሰ። በፌብሩዋሪ ሌቦች ስለት ይዘው 600 ጥቅል የመጸዳጃ ወረቀት ዘረፉ። በዚያው ወር በሺዎች የሚቆጠሩ የሆስፒታል ሠራተኞች ከቻይና ጋር ያለው ድንበር ይዘጋ ብለው ሥራ አቆሙ። ሰልፉ ጎዳናውን ቢለቅም መንግሥትን አለማመኑ አልቀረም፤ ያ ጥርጣሬ ወደ ሆስፒታሉም ገባ። ቀጥሎ በማርች መጨረሻ ከአራት ሰው በላይ አደባባይ ላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሐዘንተኛን ሰብሰብ ብሎ ማጽናናት ምን ያህል እንደሚያሽር ለቅሶ ደርሶ የሚያውቅ አንባቢ አይጠፋውም። ሆንግ ኮንጎች ግን ኩርፊያ በገባበት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ፣ ከዚያው ከስልካቸው ጋር ተዘጉ።

ሕክምናውስ? የከተማዋ የአእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ለሕዝቡ ሲካፈል ከብሪታንያ ግማሽ ያህል ነበር። በመንግሥት ሆስፒታል አስቸኳይ ያልተባለ ታካሚ ሐኪም ፊት ለመቅረብ ከዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችል ነበር። በኖቬምበር 2019 በሁከቱ ተረብሾ እንዲህ ያለው ወረፋ ላይ የተመዘገበ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ጭምብል አጥልቆ ነው የሚገባው።